የአምስቱ ብረቶች ትርምስ

ከህንድ የተመለስኩ ዕለት ሻንጣዬን የከፈተችው አክስቴ ነበረች። ሁለት ዓመት ሙሉ ስለ እኔ ለጎረቤት ስታወራ ስለከረመች፣ መጀመሪያ የማየት መብቱ የእሷ እንደሆነ ማንም አልተከራከራትም። ሳሪ አወጣች፤ ደስ አላት። የራስ ቅባት አወጣች፤ አሸተተችና ወደ ራሷ በኩል አስቀመጠችው። ከዚያ ካልሲ ውስጥ የጠቀለልኩትን የፕላስቲክ ዕቃ አገኘች። ክዳኑን ስትከፍተው የካፖርት ቁልፍ የሚያካክሉ አሥራ ስምንት ግራጫ ብረቶች አልጋው ላይ ተዘረገፉ።

«ይኼ ደግሞ ምንድን ነው?»

«የተማርኩት ነው።»

አንዱን አነሳችና አገላብጣ አየችው። ቀዳዳ ፈለገች። «ቁልፍ እንዳልል ክር ማስገቢያ የለውም። ገንዘብ እንዳልል ምስል የለውም።» ከዚያ እንደ ሐኪም ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ሁለት ዓመት ሙሉ ይኼንን ነው?» አለችኝ።

አክስቴ ሀዋሳ ሐይቅ ዳር፣ አሞራ ገደል አሣ ትጠብሳለች። ዕድሜዋን ሙሉ ከፋመ ከሰልና ከብረት መጥበሻ ጋር የኖረች ሴት ስለሆነች፣ ለእሷ ማስረዳት ለፈተና ሰጪዎቼ ከማስረዳት የቀለለ ሆኖ አገኘሁት። «ተራ ብረት ላይ ሌላ ብረት ተለብጦበት ነው» አልኳት። «ቀይ እስኪሆን ቢግልም ቶሎ አይላጥም።»

«ቀለም ነው?»

«ዱቄት ነው። ዱቄቱን በጣም በሚፋጅ ነበልባል ውስጥ ይነፉታል። እዚያው ይቀልጥና ብረቱ ላይ ጠፍ፣ ጠፍ እያለ ይለጠፋል።»

«እንደ ምርጊት።»

ህንድ ሳለሁ አማካሪዬ በሦስት ሰሌዳ ሥዕል ያስረዱኝን እሷ በሁለት ቃል ጨረሰችው። «አዎ፣ እንደ ጭቃ ምርጊት። ነበልባሉ ፕላዝማ ይባላል። ሙቀቱ ከፀሐይ ገጽ ይበልጣል።»

«አንቺ አጠገቡ ቆመሽ ነበር?»

«ከመስታወት ጀርባ።»

«እኔም እኮ ምን አጠቆራት እያልኩ ነበር!» አለችና አገጬን ይዛ ወደ መስኮቱ አዞረችኝ።

ያልተዋጠላት የዱቄቱ ነገር ነው። ዱቄቱ የአምስት ብረቶች ቅይጥ ነው፤ ኒኬል፣ ኮባልት፣ ክሮሚየም፣ አሉሚኒየምና ራሱ ብረት፣ ሁሉም እኩል እኩል። የሙያው አዲስ ነገርም ይኸው እኩልነት ነበር። የድሮው ቅይጥ አንድ ጌታ ብረት ይኖረውና ሌሎቹ በቁንጥር ይጨመሩበታል። አክስቴ ይህን ስትሰማ ግንባሯን ቋጠረች። «እኩል? ወጥ ውስጥ ሽንኩርትና ጨው እኩል ይገባል? ይኼማ ባለቤት የሌለው ወጥ ነው» ብላ ብረቶቹን አንድ በአንድ ለቅማ ወደ ዕቃቸው መለሰቻቸው።

ብዙም ሳልቆይ ኮሌጅ ውስጥ ማስተማር ጀመርኩ። አማካሪዬ ሲሸኙኝ አንድ የቤት ሥራ ሰጥተውኝ ነበር፤ ብረቶቹን ደጋግሜ አግዬ፣ ደጋግሜ አቀዝቅዤ፣ ስንት ዙር እንደሚችሉ መዝግቤ ልልክላቸው። ኮሌጁ ለዚህ የሚሆን የኤሌክትሪክ ምድጃ ነበረው። ነበረው ስል፣ ክፍሉ ውስጥ ቆሞ ይታያል ማለቴ ነው። የማሞቂያ ሽቦው ተቃጥሏል። መቼ እንደሚለወጥ ስጠይቅ «ግዢው በሂደት ላይ ነው» ተባልኩ። ያን የአንድ ለአምስት አደረጃጀት ዘመን የኖረ ሰው «በሂደት ላይ» ከተባለ በኋላ ሁለተኛ ጥያቄ እንደማይጠየቅ ያውቃል።

ስለዚህ ወደ መናኸሪያ ሰፈር ሄድኩ። እዚያ ከመኪና ባሌስትራ ብረት ማረሻና መጥረቢያ የሚሠሩ፣ ዝምተኛ የሲዳማ ሽማግሌ ነበሩ። የከሰል ምድጃቸውን የሚያራግቡት በብስክሌት ነው። ብስክሌቱን ገልብጠው ኮርቻው ላይ አቁመውታል፤ ፔዳሉን በእጅ ሲያዞሩት የኋላው ጎማ በቀበቶ አንዲት ማራገቢያ ያሽከረክራል፤ ማራገቢያዋ ከሰሉን ታስጮኸዋለች። እኔ እንዲህ ያለ እሳት ህንድም አላየሁ።

«ጋሼ፣ ይህቺን ቀይ እስክትሆን ሊያግሉልኝ ይችላሉ?» አልኳቸው።

ብረቷን መዳፋቸው ላይ አድርገው አዩዋት። «ከዚያስ?»

«ከዚያ ውሃ ውስጥ።»

«ከዚያስ?»

«እንደገና ማጋል።»

«እስከ መቼ?»

«እስክትበላሽ።»

ቀና ብለው አዩኝ። «ልጄ፣ ሰው እኔ ጋ የሚመጣው የተበላሸ ይዞ ነው። እንዲበላሽለት ብሎ የመጣ አንቺ የመጀመሪያዋ ነሽ» አሉ። ግን እሺ አሉኝ። ሥራ የማይበዛበት ከሰዓት በኋላ እየመረጥን ልንጀምር ተስማማን።

ይህን ስንጀምር ነው የኮሌጁ ዲን ሁሉንም መምህር ሰብስበው የምርምር ቀን እንደሚከበር ያበሰሩት። ከከተማው መሥሪያ ቤቶች እንግዶች ይመጣሉ፤ ኅብረተሰቡም ይጋበዛል፤ ስለዚህ ማንኛውም ርዕስ በአማርኛ ይሁን ተባለ። የሌሎቹ ቀላል ነበር። አንዱ ባልደረባዬ ስለ ውሃ ፓምፕ ነው፣ ሌላው ስለ ጡብ። የእኔ ርዕስ ላይ ግን ኢንትሮፒ የሚሉት ቃል ተቀምጧል።

«ኢንትሮፒ ብዬ ብተወውስ?» አልኩ።

«ሕዝቡ ምን ይገባዋል?» አሉ ዲኑ። እኔም ተማሪ ሳለሁ ምን ገብቶኝ እንደነበረ አስታወስኩና እሺ አልኩ። ዲኑም ወደ ኮሌጁ አማርኛ መምህር ላኩኝ።

አማርኛ መምህሩ ጡረታ የቀረባቸው፣ በሀዋሳ ሙቀት ከኮታቸው ሥር ሹራብ የሚለብሱ ሰው ነበሩ። ቢሮአቸው ስገባ ለቃል የመጣ ሰው ከመጣላቸው ብዙ ጊዜ እንደሆነ ከፊታቸው ያስታውቅ ነበር። ንጹሕ ወረቀት አወጡ።

«ትርጉሙን ንገሪኝ፤ ስሙን አትንገሪኝ» አሉ።

«ነገሮች ምን ያህል እንደተደባለቁ፣ ምን ያህል ሥርዓት እንደሌላቸው የሚለካበት ነው፣ መምህር። በእኔ ብረት ውስጥ አምስቱ ዓይነት ቅንጣቶች ያለ ተራ ነው የተቀመጡት። ማን ከማን አጠገብ እንደሚገኝ አይታወቅም።»

«ዝብርቅርቅ» አሉና ጻፉ። «ውጥንቅጥ። ምስቅልቅል። ትርምስ።» ከዚያ እንደ ዳኛ እያንዳንዱን መመርመር ጀመሩ። «ዝብርቅርቅ የልብስ ነው፤ የቀለም። ይውጣ። ውጥንቅጥ ውስጥ ትንሽ ስድብ አለ። ብረቱን መስደብ ትፈልጊያለሽ?»

«አልፈልግም።»

«ይውጣ። ምስቅልቅል የቤት ነው፤ የተስተካከለ ነበር፣ ኋላ ተበላሸ ማለት ነው። የአንቺ ብረት ድሮ የተስተካከለ ነበር?»

«አልነበረም፤ ገና ሲቀልጥ ጀምሮ እንዲሁ ነው።»

«ይውጣ። ትርምስ ግን እንቅስቃሴ አለው። ብረቱ ውስጥ እንቅስቃሴ አለ?»

«ሲግል አለ።»

እስክሪብቶአቸውን አስቀመጡ። «በቃ፤ ትርምስ ነው።»

ሙሉውን ርዕስ አብረን ቀመርነው፤ «ለከፍተኛ ሙቀት አገልግሎት የሚውሉ፣ በፕላዝማ የተረጩ፣ ከፍተኛ ትርምስ ያላቸው የብረት ቅይጥ ሽፋኖች»። መምህሩ ሁለቴ ጮክ ብለው አነበቡትና «ከሞላ ጎደል ግጥም ነው» አሉ። እኔም እየተደሰትኩ ወጣሁ።

ለየርዕሱ የሚሰቀለውን ባነር የሚሠራው መናኸሪያ አጠገብ ማተሚያ ቤት ያለው ነጋዴ ነበር፤ ሥራው ጥሩ፣ ጠባዩም የተመሰገነ ሰው። የደወለልኝ ክፍል ውስጥ እያስተማርኩ ሳለሁ ነው። ተማሪዎቹ ሁሉ ጆሯቸውን አቅንተዋል።

«እህቴ፣ ርዕሱ ባነሩ ላይ አልገባም» አለ። «በግድ ካስገባሁት ፊደሉ ጉንዳን ያክላል።»

«አስፈላጊ ያልሆነውን ቀንሰው» አልኩት ወደ ግድግዳው ዞሬ።

«የትኛው ነው ዋናው?»

«ከፍተኛ ትርምስ የሚለውና ከፍተኛ ሙቀት የሚለው ዋና ናቸው።»

«ሥዕል ላድርግበት?»

«ነበልባል ብታደርግበት ጥሩ ነው።»

ያልኩትን በሙሉ ያልኩት እኔ ነኝ። እስከ ዛሬም በማንም አላመካኝም።

ሐሙስ ጠዋት በብስክሌት ወደ ሥራ ስሄድ፣ ከኮሌጁ በር ፊት ለፊት፣ መንገዱን አቋርጦ ከዘንባባ ወደ ዘንባባ የተወጠረውን አየሁ። ከሥር ቀይና ብርቱካናማ ነበልባል ወደ ላይ ይንቀለቀላል። ከነበልባሉ ውስጥ ቁመቱ ሰው የሚያክል ፊደል ይወጣል፤ «ከፍተኛ ትርምስ! ከፍተኛ ሙቀት! ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጀምሮ በሀዋሳ! ሁላችሁም ተጋብዛችኋል!» አራቱን ቃለ አጋኖ እኔ አልጠየቅኩም፤ ነጋዴው ኋላ ስጠይቀው «ለድምቀት ነው፤ እሱን በነጻ ነው የጨመርኩልሽ» አለኝ። ብስክሌቴን ከእግረኛው መንገድ ጠርዝ ጋር አጋጭቼ ወደቅሁ። ያነሳኝ የባጃጅ ሾፌር፣ ከእኔ ይልቅ ወደ ላይ እያየ፣ «እህት፣ መንገድ ይዘጋል እንዴ ቅዳሜ?» አለኝ።

ክፍል ስገባ አንድ ተማሪ እጁን አወጣ። «መምህርት፣ ትርምሱ ላይ መገኘት ግዴታ ነው? ነጥብ አለው?»

ረፋዱ ላይ አክስቴ ደወለች። «ማኅበርተኞቼ ስንት ሰዓት እንገናኝ እያሉ ነው። ሰባኪው ማን ነው?»

ሀዋሳን የማያውቅ ሰው ይህን ላይረዳው ይችላል። በእኛ ከተማ እሳት የተሣለበት ባነር ተሰቅሎ፣ ቅዳሜ ጠዋት ሁላችሁም ተጋብዛችኋል ከተባለ፣ ነገሩ የወንጌል ኮንፈረንስ ነው። የአክስቴ የጸሎት ማኅበር ሴቶች አንድም ኮንፈረንስ አምልጧቸው አያውቅም።

«አክስቴ፣ ኮንፈረንስ አይደለም። የእኔ ብረቶች ናቸው።»

«እሳቱስ?»

«ምድጃ ነው።»

አሰበች። «ልብስ ተኩሰናል እኮ» አለች። «እንመጣለን።»

ዲኑ በምሳ ሰዓት አስጠሩኝ። ፊታቸው ላብ በላብ ሆኗል። «ከበላይ አካል ተደውሎልኛል» አሉ። «በእኔ በር ላይ ትርምስ? በእንዲህ ያለ ጊዜ?»

«ቋንቋ ክፍሉ ያጸደቀው ቃል ነው።»

«አውርዱት!»

ወረደ። ግን ባነር ከመስቀል ይልቅ ማውረድ የበለጠ ያስተዋውቃል። ማታውን ከተማው ሁሉ «ተከልክሏል» እያለ ነበር፤ ከተከለከለ ነገር ደግሞ ማን ይቀራል? ውሃ ፓምፑም ጡቡም እንዲህ ያለ ማስታወቂያ አላገኙም።

ቅዳሜ አዳራሹ ሞላ። ከፊት አክስቴና ማኅበርተኞቿ በተተኮሰ ልብስ ተደርድረዋል፤ አንዷ ከበሮ ይዛለች፤ «ድንገት ካስፈለገ ብዬ ነው» አለችኝ። ከኋላ የባጃጅ ሾፌሮች ቆመዋል። ማተሚያ ቤት ያለው ነጋዴ ሥራውን ሊያይ መጥቷል። አማርኛ መምህሩ ከነሹራባቸው መሐል ላይ ተቀምጠው፣ ቃላቸው ሲነገር ለመስማት ቀኝ ጆሯቸውን አቅንተዋል። ከበሩ አጠገብ ደግሞ ጥቁር መነጽር ያደረጉ ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ አንዱ ጎልማሳ ባለ ማስታወሻ ደብተር፣ አንዱ ወጣት። እንደነሱ ያሉ ሰዎች ከየት እንደመጡ አይጠየቅም፤ ወንበር ይሰጣቸዋል።

መድረኩ ላይ ወጥቼ ጀመርኩ። «የተለመደ ቅይጥ ብረት ለሠርግ እንደተከራየ መኪና ነው» አልኩ። «ባለቤቱ ይታወቃል፤ ሌሎቹ እንግዶች ናቸው። የእኔ ቅይጥ ግን ከመናኸሪያ እንደሚነሳ አውቶቡስ ነው። የአምስት ከተማ ሰው ገብቶበታል፤ ሁሉም በቁጥር እኩል ነው፤ ያገኘበት ይቀመጣል። ትርምስ ያልኩት ይህንን ነው። ሁሉም ስለተጨናነቀ ማንም በቀላሉ ከቦታው አይነቃነቅም። ጥንካሬው ከዚያ ነው።»

«ረዳቱስ?» አለ አንድ ሾፌር ከኋላ።

«ረዳት የለውም።»

«ታዲያ ማን ይጭነዋል?» አለ፤ ጓደኞቹም በነገሩ መወያየት ጀመሩ።

ባለ ደብተሩ ሰው እጁን አወጣ። አዳራሹ ሁሉ ወደ እሱ ዞረ።

«መምህርት፣ ትርምሱ የት ነው የሚካሄደው?»

«ብረቱ ውስጥ ነው።»

ጻፈ። «ብዛታቸው?»

«አምስት።»

«ስማቸው?»

ዘረዘርኩለት። ኮባልት ላይ ሲደርስ ፊደሉን ጠየቀኝ። «የመጡት ከየት ነው?»

«ከህንድ። እኔ ነኝ ያመጣኋቸው። በሻንጣ።»

ቀና ብሎ አየኝና ጻፈ። «አደረጃጀታቸው አንድ ለአምስት ነው?»

«አይደለም፤ አምስት ብቻ ናቸው። የሚመራቸው አንዱ የለም።»

«ጠርናፊ የላቸውም?»

«የላቸውም። ሁሉም እኩል ናቸው።»

እዚህ ላይ በጣም ረጅም ጻፈ። እኔ ከተናገርኩት የሚበልጥ ነበር የጻፈው። ወጣቱ ትከሻውን ተሻግሮ ያነባል። «ዓላማቸውስ?»

«ሙቀት መቋቋም» አልኩ።

አክስቴ ዘላ ተነሳች። «የኔ ጌታ፣ እኔ ገና ከሻንጣው ሲወጡ ነው የነገርኳት! ባለቤት የሌለው ወጥ ነው፣ ይቅርብሽ ብያታለሁ! ልጅ ናት፣ ገና ከውጭ መምጣቷ ነው!»

ዲኑ ዓይናቸውን ጨፈኑ። አማርኛ መምህሩ ግን በዝግታ ተነሱና፣ «ትርምስ የሚለውን ቃል የመረጥኩት እኔ ነኝ» አሉ። «ሌላውን ቃል ሁሉ መዝነን ጥለነዋል። ጥያቄ ካለ ለእኔ ይቅረብ፤ ምስቅልቅል ለምን እንዳልሆነ ለማስረዳት ዝግጁ ነኝ።» ሰውዬው ለምስቅልቅል ጥያቄ አልነበረውም። «በተግባር እንየው» አለ።

በተግባር የሚታየው በግቢው ነበር። ብረት ሠሪው ሽማግሌ ምድጃቸውን በጋሪ አስጭነው አምጥተው ይጠብቁናል። ዲኑ ሸክላ ንጣፉ ላይ እሳት እንዳይነድ ስለከለከሉ፣ የግቢው ዘበኛ ከከተማችን ታቦር ተራራ ሥር ድንጋይ ለቅሞ ሣሩ ላይ ደልድሎላቸዋል። ሌሊቱን ዝናብ ሲጥል አድሮ ነበር። ይህን ያኔ ከቁም ነገር የቆጠረው የለም።

ብስክሌቱን የሚያዞር ሰው ጠፋ። ከዚያ አማርኛ መምህሩ ኮታቸውን አውልቀው ለአክስቴ ሰጡና ፔዳሉን ያዙ። ማኅበርተኞቹ መምህሩን ብቻቸውን ላለመተው መዝሙር ጀመሩ፤ ከበሮዋም አስፈለገች። ፔዳሉ ከመዝሙሩ ጋር፣ መዝሙሩ ከፔዳሉ ጋር እየሄደ ከሰሉ ነጭ እስኪመስል ፋመ። ሽማግሌው ሁለት ብረቶች ከተቱ፤ አንዱ ያልተለበጠ ባዶ፣ አንዱ የተለበጠ። ሁለቱም ሲቀሉ በጉጠት አወጧቸውና ባልዲው ውስጥ ነከሩ። ባዶው ብረት ጥቁር ልጣጩ እንደ ሽንኩርት እየተቀረፈ ውሃው ላይ ቀረ። የእኔው ትንሽ ከመደብዘዙ በቀር እንዳለ ነው። ከፍ አድርጌ አሳየሁ።

«ሃሌ ሉያ!» አሉ ከፊት። ከኋላ ሾፌሮቹ አፏጩ። በሕይወቴ እንዲህ የተጨበጨበለት የኦክሳይድ ሙከራ አላየሁም።

«ይደገም!» አሉ መምህሩ፤ ሹራባቸውንም አወለቁ።

ሁለተኛው ዙር ላይ መዝሙሩ ፈጠነ። መምህሩ እንደ ውድድር አዞሩት። ብረቶቹ ገና መቅላት ሲጀምሩ፣ ከምድጃው ሥር «ጧ!» የሚል ድምፅ ወጣ፤ ፍምና አመድ ወደ ሰማይ ተበተነ።

ያኔ የሆነውን በሌላ ቃል ልጽፈው አልችልም፤ መምህሩ የመረጡት ቃል ትክክል ነበር። ሾፌሮቹ አጥሩን ዘለሉ። ማኅበርተኞቹ «በኢየሱስ ስም!» እያሉ አንዷ ሌላዋን ይዘው እንደ አንድ ሰው ሮጡ፤ ከበሮዋ ለብቻዋ እየተንከባለለች ተከተለቻቸው። ነጋዴው ባልዲውን ራሱ ላይ ደፋ። ዲኑ ከዘንባባው ኋላ ሲሆኑ፣ ዘንባባው ቀጭን ስለነበር በሁለቱም በኩል ይታዩ ነበር። ባለ ደብተሩ ሰው ሣሩ ላይ በሆዱ ተኝቷል። ያልተነቃነቁት ሁለት ብቻ ናቸው፤ የቤተ መጻሕፍቱ ጣሪያ ላይ የቆመ አባ ኮዳ የሚሉት አንድ ትልቅ አሞራና ብረት ሠሪው ሽማግሌ።

«ድንጋይ ነው» አሉ ሽማግሌው። የሰማቸው የለም። «ድንጋዩ ነው። ውሃ ጠጥቶ ነው የፈነዳው።» ጉጠታቸውን አስቀምጠው ቁጭ አሉ።

ሰው አንድ በአንድ ተመለሰ። የተጎዳ እንደሌለ ሲታይ ሳቅ ተጀመረ። እኔ ግን ልቤ የተሰቀለው ብረቶቹ ላይ ነበር፤ ሁለቱም ተፈናጥረው ጠፍተዋል። «አትንኩ፣ ይፋጃል!» እያልኩ በአራት እግሬ ሣሩን መፈተሽ ያዝኩ። ሁሉም ከእኔ ጋር ተንበረከከ፤ ሴቶቹ፣ ሾፌሮቹ፣ ዲኑ ሳይቀሩ። ቀድሞውኑ ሣሩ ላይ የነበረው ሰውዬ ለሥራው ቅርብ ነበር።

«አገኘሁት!» አለ፤ ወዲያው ደግሞ «ዋይ!» ብሎ ወረወረው።

አክስቴ ከዘበኛው ቤት የጥርስ ሳሙና አምጥታ ሁለት ጣቱን ለቀለቀችለት። «እፍ በልበት» አለችው፤ እንደ ልጅ እፍ አለበት። መነጽሩ የት እንደወደቀ አላውቅም፤ ያለ መነጽር ሳየው የደከመው፣ ቅን ፊት ያለው ሰው ነው። ወጣቱ ደብተሩን ከመሬት አንስቶ አራገፈው።

«ምን ብዬ ልጻፍ፣ አለቃ?»

«ጻፍ» አለ ጣቱን እያየ። «ትርምስ ተከስቷል። ለአጭር ጊዜ ነው። መነሻው ድንጋይ ነው። በቁጥጥር ሥር ውሏል።»

እኔ ብረቱን በጉጠት አንስቼ ነበር። ሰውዬው አንገቱን አስግጎ አየው። «የሚላጠው ነው ወይስ የማይላጠው?»

አገላበጥኩት። «እርስዎስ ምን ይመስልዎታል?»

ተጠግቶ ጠርዙን ሳይቀር አየ። «የማይላጠው ነው» አለ። ሁለተኛ ዲግሪዬን ስቀበል እንደዚያ ደስ አላለኝም። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እህቴ፣ የሞተር ብስክሌቴ ጭስ ማውጫ ባቴን እየጠበሰኝ ተቸግሬአለሁ። ይኼ ይቀባልኛል?» አለኝ።

መዋሸት አልፈለግኩም። «ይኼ ጭስ ማውጫውን ከእሳቱ ያድነዋል እንጂ፣ እርስዎን ከጭስ ማውጫው አያድንዎትም።»

ነገሩን አሰበበት። «ረጅም ካልሲ ይሻላል ማለት ነው» አለና ሄደ። ከዚያ በኋላም ማንም መጥቶ አልጠየቀኝም።

ዲኑ በሚቀጥለው ሳምንት በደብዳቤ፣ «ትርምስ» የሚለው ቃል ለወደፊቱ በ«ስብጥር» እንዲተካ አሳሰቡ። አማርኛ መምህሩ ስብጥር እንቅስቃሴ የለውም ብለው የሁለት ገጽ መልስ ጻፉ፤ መልሱ በሂደት ላይ ነው ተባሉ። ከማኅበርተኞቹ መካከል ሦስቱ ቂጡን እንዳስለብጥላቸው ድስታቸውን ይዘው ቤት መጡ። የሚረጨው መሣሪያ እዚህ እንደሌለ፣ ያለው ህንድ እንደሆነ ነገርኳቸው። አንዷ ቅር ብሏት፣ «ታዲያ ሲያስተምሩሽ መሣሪያውንም አይሰጡሽም?» አለችኝ።

ሙከራው ግን ቀጠለ። ከክፍል ስወጣ መናኸሪያ እሄዳለሁ፤ ጋሼ ሲያግሉ እኔ አዞራለሁ፤ እሳቸው ሲነክሩ እኔ እጽፋለሁ። መጀመሪያ ጊዜ ወሬኛ ይከበን ነበር፤ ኋላ ተለመድን። ሽፋኑ ከብዙ ዙር በኋላ ጠርዙ ላይ የጥፍር ያህል ተሰነጠቀ፤ መሐሉ ግን እስከ መጨረሻው ያዘ። ስንጥቁን ቀድመው ያዩት ጋሼ ናቸው፤ «እነሆ፣ ተበላሸልሽ፣ እንኳን ደስ አለሽ» አሉኝ።

ውጤቱ በአማካሪዬ ብርታት አንድ ትንሽ መጽሔት ላይ ወጣ። ከመጨረሻው ገጽ ላይ ምስጋና ተጽፎ ነበርና ወረቀቱን ይዤ ወደ ጋሼ ሄድኩ፤ ስማቸውን በጣቴ አሳየኋቸው፤ የሚለውንም ተርጉሜ አነበብኩላቸው። እጃቸውን በሱሪያቸው ጠርገው ወረቀቱን ተቀበሉ፤ ፊደሉን ባያውቁትም ብዙ ቆዩበት።

«ይኼንን የሚያነቡት የት ያሉ ሰዎች ናቸው?» አሉ።

«ህንድ፣ ቻይና፣ አውሮፓ። ይህን ሙያ የሚሠሩ።»

«ማረሻ የሚፈልግ ይኖርባቸዋል?»

«አይመስለኝም፣ ጋሼ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ወረቀቱን አጣጥፈው ደረት ኪሳቸው ከተቱና አንድ ግማሽ ባሌስትራ እሳቱ ውስጥ አስገቡ። አንድ ገበሬ ጥግ ላይ ቆሞ ይጠብቃል። «በይ አዙሪው» አሉኝ፤ ቦርሳዬን ግድግዳው ላይ ሰቅዬ ማዞር ጀመርኩ።